ማንን እንጠርጥር? ምንንስ እንጠብቅ?

በሕዝብ መተላለፊያ መንገድ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ሳይከድነውና ምልክት ሳያደርግበት ትቶት የሄደ ሰው አለ እንበል። ሌሊት መንገደኛ ገብቶበት ቢሞት ቆፋሪው «እኔ ማንንም ለመግደል አላሰብኩም» ብሎ ነጻ ይወጣልን? የፊቅህ ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ የሰጡት መልስ አይወጣም የሚል ነው። ክፉ ሐሳብ አለመኖሩ ከነፍሰ ገዳይ ተራ ያወጣው ይሆናል እንጂ ከተጠያቂነት አያድነውም። ዳሩ ግን ሊቃውንቱ ነገሩን በዚህ ብቻ አልተውትም። ሦስተኛ ሰው መጥቶ መንገደኛውን ገፍትሮ ጉድጓዱ ውስጥ ቢጥለውስ? ያን ጊዜ ተጠያቂው ገፍታሪው ነው፤ ጉዳቱን በገዛ እጁ ያደረሰ ሰው ባለበት ሰበብ ብቻ የሆነው ወደ ኋላ ይላል ይላሉ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን የኪታብ ጥያቄ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። መንግሥታት በየስብሰባው ስለሚመክሩበት ስለ ኒውክሌርና ጨረር ሽብር በተወራ ቁጥር የሚወራው ስለ ገፍታሪው ነው። ማን ነው? ከየት መጣ? ጢሙስ ምን ያህል ረዘመ? ጉድጓዱን ክፍት ትቶ ስለሄደው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኛ የምንለው ደግሞ ይህ ነው፦ በአገራችን ሁኔታ ሰውን ከመጠርጠር በፊት ዕቃውን መጠበቅ ይቀድማል፤ ይህም የፖሊስ ዘዴ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአማና ጉዳይ ነው።

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። የአቶም ቦምብ ለመሥራት የበለጸገ ዩራኒየም ወይም ፕሉቶኒየም ያስፈልጋል። ይህ በኢትዮጵያ የለም። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1957 የተቋቋመው የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ መሥራች አባል ብትሆንም ይህ እስከ ተጻፈበት ጊዜ ድረስ አንድም የኒውክሌር ማመንጫ አልሠራችም። ሁለተኛው «ቆሻሻ ቦምብ» የሚባለው ነው፤ ጨረር አመንጪ ነገርን በተራ ፈንጂ መበተን ማለት ነው። ባለሙያዎች እንደሚሉት እዚህ ላይ በጨረሩ ምክንያት ወዲያው የሚሞተው ሰው ከሚፈራው በእጅጉ ያነሰ ነው። ትልቁ ጉዳት ድንጋጤው፣ የሰፈር መዘጋቱ፣ የገበያ መፍረሱና ለዓመታት የሚዘልቀው የጽዳት ወጪ ነው። ለዚህ የሚሆነው ነገር ደግሞ ከጦር መጋዘን አይመጣም። ሆስፒታል፣ ፋብሪካና የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ አለ።

በእኛም አገር አለ። የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለካንሰር ሕሙማን የጨረር ሕክምና መስጠት የጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ በኮባልት 60 መሣሪያ ነው። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ስለነበረ ከሮቤና ከጎባ የሚላክ የካንሰር ሕመምተኛ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወረፋ ይጠብቅ የነበረው ለዚሁ ነው። በ1999 በቃሊቲ የተመረቀው ማዕከል የቆላ ዝንብን በብዛት አርብቶ ወንዶቹን በጨረር ያመክናል። የመከኑት ዝንቦች በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ሲለቀቁ ዘር ስለማይተኩ የገንዲ በሽታ አስተላላፊው ቁጥር ይቀንሳል። ጨረር ማለት ሞት ብቻ ለሚመስለው ሰው ይህ ጥሩ መልስ ነው። ያው ነገር የእናትን ዕጢ ያክማል፣ የአርሶ አደርን በሬም ያድናል።

ለባሌ ሰው ቅርቡ ግን ሌላ ነው። ከሻሸመኔ በዶዶላና በአዳባ አልፎ ሮቤና ጎባ የሚደርሰውን አስፋልት ወይም ከጎባ ሳነቴን ተሻግሮ በሐረና ደን ወደ ደሎ መና የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሁሉ፣ ከአንገቱ ቡናና ማር ጭኖ የሚወጣ ነጋዴም ጭምር፣ ዳምጠው አፈሩን ሲረግጠው አይቷል። አፈሩ በቂ ሆኖ መጠቅጠቁንና ምን ያህል እርጥበት እንደያዘ መለካት ያስፈልጋል። አንዳንዱ ተቋራጭ ይህን በአሸዋ ይለካል። አንዳንዱ ደግሞ መሐንዲሶች ኒውክሌር ጌጅ የሚሉትን፣ አንድ ሰው አንጠልጥሎት የሚሄደውን ሣጥን መሰል መሣሪያ ይጠቀማል። በዚህ መሣሪያ ውስጥ ሲሲየም 137 እና አሜሪሲየም 241 የሚባሉ ጨረር አመንጪዎች በጥቂቱ ታሽገው ይገኛሉ።

ሐቁን ለመናገር ይህ መሣሪያ ከተማ የሚያስለቅስ አይደለም። ዓለም አቀፉ ኤጀንሲ የጨረር ምንጮችን እንደ አደገኛነታቸው ከ1 እስከ 5 ሲመድብ የካንሰር ማከሚያውንና የዝንብ ማምከኛውን በ1ኛ፣ የመንገድ መለኪያውን በ4ኛ ደረጃ አስቀምጧል። ስለዚህ ፒክአፕ ላይ ጌጅ ያየ ሁሉ መሸሽ የለበትም። በጎባ ሆስፒታል ራጅ ለሚነሣም ሰው ስጋት የለም፤ የራጅ መሣሪያ መብራቱ ሲጠፋ ጨረሩም አብሮ ይጠፋል። ትንሹ መሣሪያ ከትልቁ የሚብሰው በአንድ ነገር ነው። ትልቁ በወፍራም ግድግዳ ውስጥ ተተክሎ ሲኖር ትንሹ ከካምፕ ካምፕ ይዞራል፣ ይረሳል፣ ኩባንያው ሲከስር ከአሮጌ ዕቃ ጋር ይከመራል። ያ ክምር ደግሞ አንድ ቀን ለቆራሌው ይሸጣል።

እዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚል ጎያኒያ ከተማ የሆነውን ሳይነግሩ ማለፍ አይቻልም። አንድ የግል የጨረር ሕክምና ተቋም ቦታ ሲቀይር የቆየ መሣሪያውን በአሮጌው ሕንጻ ትቶት ሄደ። ውስጡ 93 ግራም የሚሆን የሲሲየም ክሎራይድ ዱቄት ነበረ። ሕንጻው በከፊል ፈርሶ፣ በሩ ተገንጥሎ፣ ጠባቂ ሳይኖረው ቆየ። ሁለት ምስኪን ሰዎች ብረቱን ለመሸጥ ነቅለው ወሰዱት፤ ለአንድ የአሮጌ ብረት ነጋዴም ሸጡለት። ነጋዴው ሌሊት ሰማያዊ ብርሃን ሲያወጣ አየው። ተገረመ፣ ዘመድ ጎረቤት ጠርቶ አሳየ፣ ለወዳጆቹ አካፈለ። ሰው ገላውን ተቀባበት። የ6 ዓመት ልጅ በእጇ እንደነካችው ምግብ በላችበት። ወር ሳይሞላ አራት ሰዎች ሞቱ፤ ልጅቱ አንዷ ነበረች። 249 ሰዎች ተበክለው ተገኙ። ከ110 ሺህ በላይ ሕዝብ በስታዲየም ተሰልፎ ተመረመረ። የከተማውን ሰው ሌላው አገር እንግዳ አድርጎ መቀበል ፈራ፤ የሕፃኗ ሬሣ ሲቀበር እንኳ ሕዝቡ ድንጋይ ወረወረ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አሸባሪ የለም፤ ክፉ ያሰበ ሰው የለም። ቆፋሪው ብቻ አለ። ሆኖም ቆሻሻ ቦምብ ያደርሰዋል የሚባለው ጉዳት ሁሉ፣ ሞቱም፣ ድንጋጤውም፣ መገለሉም፣ ያለ አሸባሪ ደርሷል። መከራውን ያስቆመችውም የሣይንስ ሰው አልነበረችም። የብረት ነጋዴው ሚስት ቤተሰቡና ጎረቤቱ ባንድ ጊዜ መታመሙን አስተዋለች፤ «ይህ ነገር ነው የሚገድለን» ብላ ጠረጠረች፤ የቀረውን በከረጢት አስይዛ በአውቶቡስ ወደ ጤና ቢሮ ወሰደችው። እሷም ከሞቱት አራት አንዷ ሆነች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህች ሴት ግን የጠረጠረችው ዕቃውን ነው። ሰውን ለመጠርጠር ብትሄድ ኖሮ ጎረቤት መርዞኛል ብላ ጠብ ባነሣች፣ ዱቄቱም በየቤቱ መዞሩን በቀጠለ ነበር።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1983 መጨረሻ በሜክሲኮ ሁዋሬዝ ከተማ አንድ የኮባልት ማከሚያ በአሮጌ ብረትነት ተሽጦ ከሌላ ብረት ጋር ቀልጦ ፌሮ ሆነ። ነገሩ የታወቀው በጥር 1984 የዚያን ብረት የጫነ መኪና በአሜሪካ ሎስ አላሞስ የኒውክሌር ምርምር ጣቢያ ሲያልፍ የጨረር ጠቋሚው ስለጮኸ ነው። አጋጣሚ ነበር ማለት ነው። በዚያ ፌሮ ከተሠሩት ቤቶች ከ800 የሚበልጡት በከፊል ወይም በሙሉ እንዲፈርሱ ተደረገ። በየመንደሩ የተሰበሰበ ብረት በመርካቶ ምናለሽ ተራ በኩል አድርጎ አቃቂ፣ ዱከምና ቢሾፍቱ አካባቢ ያሉ ማቅለጫዎች ዘንድ ሲደርስና በፌሮ መልክ ተመልሶ ቤታችን ሲገባ ለምናይ ለእኛ ይህ የሩቅ አገር ወሬ ሊሆንብን አይገባም።

አሁን ወደ ገፍታሪው እንመለስ፤ እርሱም የለም አላልንምና። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2002 የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆሴ ፓዲያ የተባለ እስልምናን የተቀበለ አሜሪካዊ ቆሻሻ ቦምብ ሊያፈነዳ ሲል ተያዘ ብለው ለዓለም አወጁ። ሰውዬው ክስ ሳይመሠረትበት በወታደር እስር ቤት ከሦስት ዓመት በላይ ተቀመጠ። በ2007 ፍርድ ቤት በሌላ ክስ ጥፋተኛ አለው እንጂ ስለ ቆሻሻ ቦምቡ ክስ እንኳ አልቀረበበትም። በሌላ በኩል በኒውዮርክ ግዛት የሚኖር ግሌንደን ስኮት ክሮፎርድ የተባለ የኩ ክሉክስ ክላን አባል ሙስሊሞችን በጨረር የሚገድል መሣሪያ በመኪና ላይ ለመሥራት ሲያሤር በ2013 ተያዘ፤ በ2016 የ30 ዓመት እስራት ተፈረደበት። የዚህን ሰው ስም ከአንባቢያን ስንቱ ሰምቷል? ሰውዬው ገንዘብ ፍለጋ መጀመሪያ የሄደው ወደ አይሁድ ድርጅቶች ነበር። ሙስሊምን ለመግደል አይሁድ ይረዱኛል ብሎ ገመተ። እነርሱ ግን ለፖሊስ ነገሩበት። ሰውን በወገኑ እየመደቡ መጠርጠር የት እንደሚያደርስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አንፈልግም፤ ሸረኛው ራሱ በዚሁ ስሌት ተሳስቶ ተያዘ።

የአገራችን ሙስሊም ስለ ጥርጣሬ ለመስማት አሜሪካ መሄድም አያስፈልገው። የሙስሊሙ የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት በ2004 ታስረው በጸረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 መሠረት ተከሰሱ። በሐምሌ 2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት የሚደርስ እስራት ተፈረደባቸው፤ ኋላም በየጊዜው ተለቀቁ። አዋጁ ራሱ በ2012 በሌላ ተተካ። ይህን ያነሣነው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። የመንግሥት ጉልበትና ገንዘብ ውስን ነው። በመስጊድ ደጃፍ የሚቆመው ሰላይ የኮባልቱን መጋዘን ቁልፍ አይቆጥርም፤ ዕቃው ተቆልፎ ከተቆጠረ ግን ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ወይም ሃይማኖት የለሽ፣ ገፍታሪው የሚገፋበት ጉድጓድ አያገኝም።

ይሁንና በእኛ በኩልም ዝም የማይባል ነገር አለ። ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ የሰየመው ቡድን በ2014 ሞሱልን ሲይዝ በከተማዋ ኮባልት 60 ያለባቸው ሁለት የካንሰር ማከሚያዎች ነበሩ። ቡድኑ ከተማዋን ከሁለት ዓመት በላይ ሲገዛ ማከሚያዎቹ በተቀመጡበት ቆዩ። ምሥራቅ ሞሱል በ2017 መጀመሪያ ስትለቀቅ ሳይነኩ ተገኙ። ምን እንደሆኑ ሳያውቁ ቀርተው ይሁን፣ ወይም መፍታቱን ፈርተው፣ ብቻ አልተጠቀሙባቸውም። ሴት ሕፃን፣ ሽማግሌና መነኩሴ በጦርነት እንዳይገደል የሚያዝ ሃይማኖት ያለን ሰዎች «እነርሱ ከኛ አይደሉም» ብለን ማለፍ ይቀናናል። በትክክልም አይደሉም። ነገር ግን ጨረር ሲበተን ወታደርና ሕፃን አይለይም፤ መሬቱንም ገና ላልተወለደ ትውልድ ያበላሻል። እንዲህ ያለውን መሣሪያ መፈለግ እንኳ ሐራም መሆኑን መስጊድ ውስጥ በግልጽ መናገር የዑለማዎቻችን ድርሻ ነው። ማስተማሩ ከውጭ ግፊት እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም።

አሁን መግቢያችን ላይ ያቆምነውን ክር እናንሣ። ገፍታሪ ካለ ቆፋሪው ነጻ ነው ብለን ነበር። ታዲያ አሸባሪ ሰርቆ ጉዳት ቢያደርስ ጠባቂው «ሌባው ይጠየቅ» ብሎ ይቀመጣልን? ሊቃውንቱ ለዚህ ልዩ በር ከፍተዋል። የሰው ዕቃ በአደራ የተቀበለ ሰው ያለ ጥፋቱ ቢሰረቅበት አይከፍልም። ቸል ብሎ ከሆነ፣ ይልቁንም ዕቃው ያለበትን ቦታ ለሌባው ያመለከተ እንደሆነ ግን ሰራቂው ሌላ ቢሆንም ተጠያቂ ነው። ምክንያቱም ባለ አደራ እንደ ማንኛውም ሰው አይደለም፤ ለመጠበቅ ቃል ገብቷል። ጠባቂ በሌለው መጋዘን ውስጥ የጨረር ምንጭን ትቶ መሄድ ቦታውን ለሌባ ከማመልከት በምን ይለያል? እኛ አይለይም እንላለን። ፈቃድ አውጥቶ ያስገባው ኩባንያ፣ የተረከበው ሆስፒታል፣ መዝግቦ መቆጣጠር የሚገባው መሥሪያ ቤት፣ ሦስቱም ባለ አደራ ናቸው።

በሕግ በኩል አገራችን ባዶ እጇን አይደለችም። የጨረር መከላከያ አዋጅ በ1986 በቁጥር 79 ወጣ፤ በ2000 በቁጥር 571፣ ከዚያም በ2009 በቁጥር 1025 ተሻሻለ። የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1996 የፈረሙት የፔሊንዳባ ውልም ኢትዮጵያ ያጸደቀችው ሲሆን አህጉሩን ከኒውክሌር መሣሪያ ነጻ ከማድረጉ በላይ ኒውክሌር ነክ ነገሮችን ከስርቆት የመጠበቅ ግዴታ ያስገባል። የጎደለው ወረቀቱ አይደለም። ካምፕ ሲነሣ «ያ ሣጥን የት ገባ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ሣይንሱ የሚሰጠውን መፍትሔ ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም። ጨረር አመንጪ ነገር ሳይኖርበት በኤሌክትሪክ ኃይል ጨረር የሚያመነጭ የካንሰር ማከሚያ አለ። ሐኪሞቹ ሊኒያር አክሰለሬተር ይሉታል፤ አገራችንም ወደዚሁ እየዞረች ነው። ይህ መሣሪያ መብራትና ጥገና በብርቱ ይፈልጋል፤ ግን ሲጠፋ የሚሰረቅ ነገር የለውም። ለመንገድ መለኪያውም እንዲሁ ያለ ጨረር የሚሠሩ ዘዴዎች አሉ። መተካት የማይቻለው ሲገዛ ደግሞ «ሥራው ሲያበቃ ሻጩ መልሶ ይወስደዋል» የሚል ውል አብሮ መፈረም ነው። ይህ ነጥብ ቀላል ይመስላል፤ ዕድሜውን ስናይ ግን ቀላል አይደለም። የኮባልት 60 ኃይል በ5 ዓመት ከጥቂት ወራት በግማሽ ይቀንሳል። ሲሲየም 30 ዓመት ይፈልጋል። በዚያች የመንገድ መለኪያ ውስጥ ያለው አሜሪሲየም ግን በግማሽ ለመቀነስ 432 ዓመት ይፈጅበታል። በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመነ መንግሥት አንድ ሰው ያስቀመጠው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ገና ግማሹ በቀረ ነበር! ሦስትና አራት ዓመት ለሚቆይ የመንገድ ሥራ ተብሎ የሚገባ ዕቃ ነው እንግዲህ። የትኛው ኩባንያ፣ የትኛው ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ነው 432 ዓመት በአንድ ስም የኖረው? ልጅ ከአባቱ ዕዳ ሊወርስ ይችላል፤ መኖሩን ያልተነገረውን አደራ ግን እንዴት ይጠብቃል?

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ኢትዮጵያ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የሥራ ዕቅድ በሞስኮ ተፈራርማለች። ይህ ከእጅ የሚንጠለጠለው ሣጥን ጋር አይወዳደርም፤ ያገለገለው ነዳጅ ብቻውን ከእኛ ዘመን ተሻግሮ የሚኖር አደራ ነው። ማመንጫውን መቃወማችን አይደለም፤ መብራት የሚናፍቅ ሕዝብ ነን። ትንሹን ሣጥን ቆጥሮ መመለስ ያልለመደ አገር ትልቁን እንዴት ይይዘዋል የሚለው ግን መጠየቅ ያለበት ግንባታው ሳይጀመር ነው።

ሕዝቡስ? ጨረርን የሚያመለክተው ባለ ሦስት ክንፍ ምልክት ለማያውቀው ሰው ምንም አይነግርም፤ ቬንቲሌተር ነው ቢለው አይፈረድበትም። ዓለም አቀፉ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2007 የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው ያለበት ቀይ ምልክት የጨመረው የተለያዩ አገሮችን ሰዎች ጠይቆ ይህንኑ ስለተረዳ ነው። ይህን ሥዕል በመርካቶ የብረት ተራ፣ በሮቤ ገበያና በአንገቱ መግቢያ መለጠፍ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ «አትክፈተው፣ ራቅ ብለህ ተናገር» ብሎ መጻፍ ምን ያህል ያስወጣል? የማቅለጫ ፋብሪካዎች በራቸው ላይ የጨረር ጠቋሚ ቢያቆሙ ለራሳቸውም ይበጃል፤ አንድ የተበከለ ምድጃ የሚያስከትለው ኪሣራ ከጠቋሚው ዋጋ ይበልጣልና።

ከሁሉ የሚከብደው የቆራሌው ጉዳይ ነው። ከባድ የእርሳስ ሣጥን በኪሎ ጥሩ ገንዘብ ያወጣል። ያገኘው ልጅ ወደ ፖሊስ ቢሄድ «ከየት አመጣኸው?» ተብሎ እንደሚታሰር ያስባል፤ ባይታሰር እንኳ የዕለት እንጀራው ይቀርበታል። ቢሸጠው ግን ማንም አይጠይቀውም። ስለዚህ ይሸጠዋል፤ እኛም በእርሱ ቦታ ብንሆን እንሸጠው ነበር። ይህን የሚያህል ዕቃ ላመለከተ ሰው «ከየት አመጣኸው» የሚባል ጥያቄ እንዳይነሣበትና በሚዛን ያጣው ገንዘብ በዕለቱ እንዲከፈለው የሚያደርግ መመሪያ ሊወጣ ይገባል። ገንዘቡንም መክፈል ያለበት ሣጥኑን አስገብቶ የረሳው ነው።